እቴቴ «ያዝልኝ» ስትል

እቴቴ «እንካ» ብላ ስትሰጥ ሰምቼ አላውቅም። «ያዝልኝ» ነበር የምትለው። ለሴት ከሆነ «ያዢልኝ»። ገብስም ይሁን ቅቤ፣ እንቁላልም ይሁን ብር፣ ከእጇ የሚወጣው ሁሉ አደራ ተብሎ ነው የሚወጣው። አደራዋን ተመልሳ የጠየቀችው ሰው ግን የለም።

እቴቴ የአባቴ ታላቅ እህት ናት። ስሟ ሌላ ነው። እኛ ቤት ግን ከአባቴ ጀምሮ እስከ ትንሿ እህቴ ድረስ ሁላችንም እቴቴ ነው የምንላት። ውሎ አድሮ መንደሩም እቴቴ አላት። ያረፈችው በ2009 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ ነው። ስለ እሷ ልጽፍ ብዙ ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። ደግ ነበረች ብሎ መጻፍ ቀላል ነው። ሁሉም ሰው አንድ ደግ አክስት አለው። የከበደኝ ደግነቷን እንዴት ትሠራው እንደነበር መናገሩ ነው። ደግነት ለእቴቴ ጠባይ ብቻ አልነበረም። እንደ ጠላ ጥንስስ ታስቦበት፣ ቀን ተቆጥሮለት የሚሠራ ሥራ ነበር።

አገራችን መንዝ ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥታችሁ ደብረ ብርሃንን አልፋችሁ፣ ጣርማ በር ጭጋጉ ውስጥ ስትደርሱ፣ የደሴው መንገድ በጣሊያን ጊዜ በተፈለፈለው ዋሻ በኩል ቁልቁል ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል። የእኛ አይወርድም። ታጥፎ በመዘዞና በሞላሌ አድርጎ ደጋ ለደጋ ወደ መሐል ሜዳ ይሄዳል። ልጅ ሆኜ መንገዱ ጠጠር ነበር። ከአውቶቡስ የሚወርድ ሰው ሁሉ ፀጉሩ በአቧራ ነጭ ሆኖ ነው የሚወርደው። ከዚያ ወደ እቴቴ ቤት ሌላ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ አለ። እኔ ወላጆቼ ከተማ ስለነበሩ፣ ትምህርት ቤት በተዘጋ ቁጥር ያንን መንገድ በሩጫ ነበር የምሄደው።

ብርዱን ያልቀመሰ ሰው መንዝን አያውቅም። ኅዳርና ታኅሣሥ ሜዳው በውርጭ ነጭ ሆኖ ያድራል። እንጨት እንደ ልብ ስለሌለ የሚነደው ኩበት ነው። የሚበላው ገብስ ነው። እንጀራው ገብስ፣ ቂጣው ገብስ፣ ቆሎው ገብስ፣ በሶው ገብስ፣ ጠላውም ገብስ። ጤፍ ከቆላ በአህያ ተጭኖ ነው የሚመጣው፤ እሱም ለበዓል ነው። የእቴቴ ቤት ግድግዳው የድንጋይ ካብ፣ ክዳኑ የጓሳ ሣር ነበር። ጓሳ የሣሩም፣ ሣሩ የሚበቅልበት የዚያ ከፍተኛ ቦታም ስም ነው። አባቶች ከጥንት ጀምረው በሥርዓት ያስጠብቁት ነበር። ለዓመታት ተዘግቶ ይቆይና ጊዜው ሲደርስ ይከፈታል። ያኔ አገሩ ማጭዱን ይዞ ይወጣል።

እቴቴ ሀብታም አልነበረችም። ይህን አስረግጬ መናገር እፈልጋለሁ። ከተማ ሆነን የገጠር ሰውን ደግነት ስናነሣ የሚታየን የሞላ ጎተራ ነው። እሷ ገና በልጅነቷ ተድራ፣ ልጅ ሳትወልድ፣ ባሏን ፈትታ ወደ አባቷ አገር የተመለሰች ሴት ናት። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ገበሬ ማኅበሩ በስሟ መሬት ደለደለላት። ይህ ለእሷ ትልቅ ነገር ነበር። ግን በእኛ አገር ሴት ሞፈር አትጨብጥም። በሬም የላትም። ስለዚህ መሬቷን ለእኩል አራሽ ትሰጣለች። አራሹ በበሬውና በጉልበቱ ያርሳል፤ ምርቱን አውድማ ላይ እኩል ይካፈላሉ። እቴቴ የምትሰጠው ከዚያች ከግማሿ ላይ ነው።

ያቺም ግማሽ በሰማይ እጅ ናት። በልጉ ጥርና የካቲት ላይ ተዘርቶ ሰኔና ሐምሌ ይታጨዳል። የመኸሩ የሚደርሰው ኅዳርና ታኅሣሥ ነው። በልጉ ከቀረ ክረምቱ አይገፋም። ነሐሴ ላይ የሰው ሁሉ ጎታ ታች ታቹ መታየት ሲጀምር፣ እቴቴ ቁናዋን ይዛ ጎታዋ አጠገብ ትቆማለች። ትሰፍራለች። ትቆጥራለች። «ይህ ለዘር፣ ይህ ለማኅበር፣ ይህ ለጉሮሮ» ትልና ሦስት ቦታ ትከፍለዋለች። ሁልጊዜ ግን አራተኛ ክምር አለ። ለሱ ስም አትሰጠውም።

«ያኛውስ?» እላታለሁ።

«እሱ የሚመጣ አለው» ትለኛለች።

የሚመጣውም ይመጣል። በእቴቴ ደጅ የሚያልፈው መንገድ ወደ ገበያ የሚወስድ ነው። የደከመው ሰው ካቡ ላይ አረፍ ሲል ታየዋለች። «ግባ እንጂ፣ ደግ ጊዜ መጣህ፤ ገና አሁን ማዕድ ላቀርብ ስል» ትለዋለች። ውሸቷን ነው። እኔና እሷ ከበላን ቆይተናል። ሌማቱ እንደገና ይቀርባል፤ እሷም እንደገና ትቀመጣለች። እንግዳ ብቻውን ሲበላ እጁ ያጥራል ትል ነበር። ስለዚህ አብራ ትቆርሳለች። ጥፍር የምታህል እየቆረሰች፣ እያላመጠች፣ እያወራች፣ ሰውዬው እስኪጠግብ ድረስ እጇን ከሌማቱ አታነሣም። እህል ያጠረ ጊዜ ደግሞ ውሸቱ ይቀየራል። «ዛሬ ሆዴን ነካ አድርጎኛል፤ አንተ ብላልኝ» ትላለች። ብላልኝ። ለእሷ ሲል የሚበላ ይመስል።

የቆሎ ተማሪዎችም ነበሩ። ለምድ ለብሰው፣ አኩፋዳ አንግተው፣ ውሻ እየተከላከሉ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲሉ እቴቴ ብድግ ትላለች። «እንኳን መጣህልኝ። ዛሬ እኮ ማርያም ናት፤ ሳልዘክር ቀኑ ሊያልፍብኝ ነበር።» የማርያም ቀን በወር አንዴ፣ ሃያ አንድ ላይ ነው። በእቴቴ ቤት ግን ወሩ በሙሉ ሃያ አንድ ነበር። ተማሪው ዳዊት የደገመ ልጅ ነው፤ ቀኑን ከእሷ በላይ ያውቃል። ግን ምንም አይልም። ዝክሯ እንዳይታጎልባት የደረሰላት ሰው ሆኖ ነው አኩፋዳውን የሚከፍትላት።

ከእቴቴ ቤት ዝቅ ብሎ አንዲት እናት ይኖሩ ነበር። እማማ ነው የምላቸው። ባላቸው በደርግ ጊዜ ዘምተው በዚያው ቀርተዋል። ልጆቹን ለብቻቸው ነው ያሳደጉት። ኩሩ ሴት ናቸው፤ ልመና ቀርቶ ብድር እንኳ አይወዱም። አንድ ዓመት፣ ስምንት ዓመት ሳይሆነኝ አይቀርም፣ በልጉ ቀረ። እቴቴ ስልቻ ሙሉ ገብስ አህያ ላይ ጭና፣ እኔን አስነድታ ወደ እማማ ቤት ወረደች።

«እባክሽ እህቴ፣ ጎታዬን አይጥ ገባበት። ይህን ያዢልኝ። እኔ ዘንድ ከሰነበተ ጥሬ አይተርፈኝም» አለቻቸው።

እማማ ገብሱን አዩት። እሷንም አዩዋት። «ስንት ቁና ነው?» አሉ።

«አልሰፈርኩትም።»

ሰፍራዋለች። እኔ ቆሜ እያየኋት ነው የሰፈረችው፤ አሥራ ሁለት ቁና። ልትወጣ ስትል በሩ ላይ ዞር አለች። «ደግሞ ነቀዝ እንዳያገኘው ከላይ ከላዩ እያነሣችሁ ብሉት። አዲሱ ሲደርስ ትተኪልኛለሽ።»

ሽቅብ ስንመለስ «እቴቴ፣ ጎታሽ ውስጥ እኮ አይጥ የለም» አልኳት።

«አለ» አለችኝ። «አንተ አላየኸውም እንጂ።»

«አልሰፈርኩትም» ያለችው ነገር ለረጅም ጊዜ አእምሮዬ ውስጥ ቆይቷል። ዛሬ ሥራዬ ሒሳብ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ቁጥር ስደምር ነው የምውለው። ያልተሰፈረ ነገር ዕዳ ሆኖ መዝገብ ላይ አይገባም። እቴቴ ፊደል ሳትቆጥር ይህን ታውቅ ነበር።

ከየት እንደተማረችው አንድ ምሽት ብቻ ፍንጭ ሰጥታኛለች። ሱፍ እየፈተለች ነበር። እንዝርቷን ከጉልበቷ ላይ እያሾረች ስለ 77 ድርቅ አነሣችልኝ። ያ ዘመን ሲነሣ ሰው የሚያስታውሰው ወሎንና ትግራይን ነው። የሰሜን ሸዋ ደጋም ተቃጥሏል። ከእኛም አገር ብዙ ሰው ለሠፈራ ተመዝግቦ ሄዷል፤ አባቴም ሊሄድ ትንሽ ነበር የቀረው። እቴቴ ያኔ ለዘር የሚሆን ገብስ ፍለጋ አንድ የሞላለት ዘመድ ደጅ ሄደች። ሰውዬው ሰጣት። ግን አውድማው ላይ፣ ሰው ተሰብስቦ ሳለ፣ ጮክ ብሎ «እንኪ!» አላት። በዚያ የተሰበሰበው ሁሉ ዞሮ አያት።

«ገብሱ በቀለልኝ» አለች። «ደግ ገብስ ነበር። ቃሉ ግን እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።»

ከዚያ ዝም ብላ ፈተለች። «እንካ» የማትለው በዚህ ምክንያት ነው ብላ አልነገረችኝም። እኔ ነኝ ያያያዝኩት። ግን ልክ ይመስለኛል።

ወደ ራሴ ልምጣ። በ1993 ዓ.ም. ክረምት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ዩኒቨርሲቲ ሲደርሰኝ ልሰናበታት ሄድኩ። በጎቹ መካከል አንዲት ዳለቻ ሴት ግልገል ነበረች። ለመጠቃት የደረሰች፣ ወፍራም ላት ያላት። እቴቴ ጆሮዋን ይዛ አመጣቻትና «ይህቺ ከዛሬ ጀምሮ ያንተ ናት። እኔ እይዝልሃለሁ። የወለደችውን እየሸጥኩ እልክልሃለሁ። የራስህ ገንዘብ ነው፤ ማንንም አታመሰግንም» አለችኝ። ያኔ የመጨረሻዋን ነገር ልብ አላልኳትም።

አራት ኪሎ ገባሁ። ቤተሰቦቼ ብዙ አቅም አልነበራቸውም። ጥር ላይ ከአገር በመጣ ሰው እጅ የመጀመሪያው ደብዳቤ ደረሰኝ። በልጅ እጅ ጽሑፍ፣ ከደብተር በተቀደደ ወረቀት ላይ። «ይድረስ ለምወድህ ልጄ። ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ከናፍቆትህ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። በግህ ወልዳለች። ተባዕት ነው።» ከጥቂት ወራት በኋላ ሌላ መጣ፤ ወረቀቱ ውስጥ በክር የታሰረ 60 ብር ነበረበት። «ጠቦቱ ተሸጧል። ገንዘብህ ነው።»

እንዲህ አራት ዓመት ሄደ። ደብዳቤዎቹን በሙሉ አስቀምጫቸዋለሁ። ዘጠኝ ናቸው። በሰባቱ ውስጥ ብር ነበረ፤ ድምሩ 540 ብር ይመጣል። ዛሬ ለሚያነበው ትንሽ ነው። ለእኔ ሳሙና ነበር፣ ፎቶ ኮፒ ነበር፣ አንድ ክረምት ያደረግኩት ጫማ ነበር። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከማንም ሳልጠይቅ ነው የማገኘው። ዶርም ውስጥ ጓደኞቼ «ከየት ነው?» ሲሉኝ «በጎች አሉኝ» እላቸው ነበር። አንገቴን ቀና አድርጌ ነው የምላቸው።

ሥራ ይዤ የመጀመሪያ ደመወዜን ስቀበል ወፍራም ብርድ ልብስ ገዝቼ ወሰድኩላት። ያላት ዝተት ተጣጥፎ ተጣጥፎ የሳሳ፣ ጠርዙ የተበላ ነበር። በሚቀጥለው ፋሲካ ስመለስ ብርድ ልብሱ የለም።

«የት ሄደ?»

«አራስ ቤት ነው። ያዢልኝ ብያት ነው።»

ተቆጣሁ። ይህን ስጽፍ አሁንም ያመኛል። «ላንቺ ብዬ እኮ ነው የገዛሁት!» አልኳት። አንቺ ነው የምላት፤ አንቱ ስላት ባዕድ አደረግኸኝ ብላ ትቀየም ነበር።

ቀና ብላ አየችኝ። «ለእኔ ከሰጠኸኝ የእኔ ነው» አለች፤ በቀስታ። ከዚያ ቡናዋን መቁላት ጀመረች።

መርዶ በእኛ ወግ ንጋት ላይ ነው የሚነገረው። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ቀድሞ፣ ሰውዬው ተቀምጦ። የእቴቴ መርዶ ለእኔ የደረሰኝ ቢሮ ውስጥ በስልክ ነው። ለቀብሯ አልደረስኩም። ለሰልስቱ ደረስኩ። አልቃሿ እንዲህ ስትል ሰማኋት፦

ጎታዋ ባዶ ነው ብላችሁ አትሟት፣
በሰው ቤት አኑራ እሷ መች አነሳት።

ግጥሙን እዚያው ያወጣችው ይመስለኛል። በቤቱ የነበሩት ሴቶች ሁሉ በአንድ ጊዜ ነው የጮኹት። ሁሉም በየቤታቸው የእቴቴ አደራ ነበረባቸዋ።

ለአርባዋ ጥቂት ቀን ቀድሜ ተመለስኩ። ለተዝካሩ ጠላ መጠመቅ፣ ዳቦ መጋገር ነበረበት። ገብስ ልንገዛ ስንነጋገር እማማ አህያ አስነድተው ሽቅብ መጡ። አርጅተዋል፤ ምርኩዝ ይዘዋል። ስልቻዎቹን አስወርደው ቤቱ መካከል አስቀመጡ።

«የእቴቴ አደራ ነው» አሉ።

አልገባኝም። «የትኛው አደራ?»

«አንተ ነህ እኮ አህያዋን የነዳህ። አይጥ ገባብኝ ያለች ጊዜ።»

ሃያ ስድስት ዓመት ሊሆነው ነው። እማማ ያንን ገብስ በክፉው ጊዜ በልተውታል፤ ልጆቻቸው በሱ ነው ከክረምቱ የወጡት። አዲሱ ሲደርስ ተኩት። እቴቴ ግን አልመጣችም። እንዳይነቅዝ በየዓመቱ አሮጌውን እየበሉ በአዲስ እየለወጡ አቆዩት። ክፉ ዓመት ሲመጣ ይጎድላል፤ ደግ ዓመት ሲመጣ ይሞላል። ሁለት ጊዜ ይዘውላት ሄደው «አሁን ቦታ የለኝም፤ ትንሽ ያቆዪልኝ» ብላ መልሳቸዋለች።

«ስንት እንደሆነ እንኳ አልነገረችዎትም» አልኳቸው።

«እሷ ባትሰፍረው እኔ ሰፍሬዋለሁ» አሉ እማማ። «አሥራ ሁለት ቁና ነው።»

የእቴቴ ተዝካር በዚያ ገብስ ተደገሰ።

ማታ፣ ድንኳኑ ተተክሎ ሰው ሁሉ ሲበታተን፣ ከእማማ የመጨረሻ ልጅ ጋር እሳት ዳር ቀረን። አሁን መምህር ነው። ልጅ ሆኖ የእቴቴን በጎች የሚጠብቀው እሱ ነበር። ወሬ ወሬን ሲያነሣ «ያቺ ዳለቻዋ በጌ ባትኖር እኔ ትምህርቴን አልጨርስም ነበር» አልኩት። ዝም አለ። እሳቱን ቆሰቆሰ።

«እቴቴ አልነገረችህም?» አለኝ። «በጓ እኮ አንተ በሄድህ በወሩ ነው የሞተችው። ጥቅምት ላይ። እኔው ነኝ ገደል ያገኘኋት።»

ደብዳቤዎቹንም የጻፈው እሱ ነው። ያኔ ሰባተኛ ክፍል ነበር። የመጀመሪያውን ስታስጽፈው እርሳሱን አስቀምጦ «እቴቴ፣ በጓ እኮ ሞታለች» አላት። «አውቃለሁ» አለችው። «አንተ ጻፍ።» ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ ከመጻፉ በፊት ጣቷን እየቆጠረች ታሰላ ነበር። በግ የምታረግዘው አምስት ወር ነው። መቼ እንደወለደች፣ መቼ ልትጠቃ እንደምትችል፣ ግልገሏ ለገበያ የሚደርሰው ስንት ወር ሲሞላው እንደሆነ አስባ ነው የምታስጽፈው። የሞተች በግ ስድስት ጊዜ ወለደች። ሁለቴ መንታ።

ብሩስ? ሌሊት ሌሊት የሰው ሱፍ ትፈትል ነበር። ለራሷ አዲስ ዝተት ልታሠራ ከበጎቿ ሸልታ ያጠራቀመችውንም ሱፍ ሁለተኛው ዓመት ላይ ሸጠችው።

አዲስ አበባ ስመለስ ደብዳቤዎቹን አውጥቼ ቀናቸውን በቅደም ተከተል ወረቀት ላይ አሰፈርኩ። አንድም ቦታ አልተሳሳተችም። በዚያ ሁሉ ዓመት «ማንንም አታመሰግንም» እንዳለችኝ አላመሰገንኳትም። የራሴ ገንዘብ ነበራ።

ከአገር የወጣሁ ቀን ጠዋት እማማ መንገድ ላይ ጠብቀውኛል። ውርጩ ገና አልቀለጠም። በነጭ ጨርቅ የተቋጠረ፣ ለብ ያለ ነገር እጄ ላይ አስቀመጡ። ቆሎ ነው፤ ሌሊት ተነሥተው ነው የቆሉት።

«ይህን ያዝልኝ» አሉኝ። «አዲስ አበባ ስመጣ እወስደዋለሁ።»

እማማ ከመሐል ሜዳ ርቀው ሄደው አያውቁም።

«እሺ እማማ» አልኳቸው። «ስንት ነው?»

«አልሰፈርኩትም» አሉ።